ቅቤ የነካው ጉጠት

ይህ ልጅ ጉጠቱን ከአንዱ አፍ አውጥቶ ወደ ሌላው ሲከተው፣ ሞትን አብሮ እንደማይከት ማን ዋስ ይሆናል?

ወይዘሮ አሰገደች ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ሲያቀርቡ፣ መልሰው ሲያቀርቡ ከርመዋል። ለቄሱ እንዳይነግሩት ቄሱ ስለ ጉጠት ምን ያውቃሉ። ለጎረቤት እንዳይነግሩት ጎረቤት ሰማ ማለት ጂንካ በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ለልጁ ለራሱ ለወንድይፍራውማ ከቶ በየትኛው አፋቸው ይናገሩት። ነገሩ የልጅ ልጃቸው ነው፤ እናቱ በወሊድ ስትሞት በጥጥ ወተት እያጠቡ ያሳደጉት። ወታደር ሆኖ ሄደ፣ በጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል የጥርስ ሕክምና ተማረ፣ ከግንባር ቆስሎ ግራ እግሩን እየሳበ ተመለሰላቸው። ተመልሶም አልተቀመጠም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ የሚያየውን የእንግዳ ክፍል ለመናቸው፤ ሰጡት። ግድግዳውን በኖራ ቀባ፣ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰነ፣ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና አሮጌ የፀጉር አስተካካይ ወንበር አስመጣ። በሩ ላይ «የጥርስ ሕክምና ክፍል» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ወይዘሮ አሰገደች በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋልና ታፔላውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ አንብበውም «ግሩም ነው» አሉ። ወንበሩ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጡም።

ጥርስ ሳያማቸው ቀርቶ አይደለም። ከመስቀል ወዲህ የግራ መንጋጋቸው እንደ ምጥ እየመጣ እየሄደ ያሠቃያቸዋል። ቅርንፉድ ይነክሳሉ፣ ጤና አዳም ያሻሉበታል፣ ጉንጫቸውን በነጠላ ጠፍንገው ያስራሉ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ብርድ ነው» ይላሉ።

በራቸው ላይ ጎመን የምትሸጠው አየለች ብርድ መሆኑን አንድም ቀን አምናቸው አታውቅም። «እማማ፣ ሐኪም ቤትዎ ውስጥ ተቀምጦ ብርድ ያስራሉ?» ብላ ነበር አንድ ቀን፣ ጎመኗን ውሃ እየረጨች። ቀጥላም እየሳቀች፣ «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም አሉ» አለች። ሳቋን ወይዘሮ አሰገደች ይቅር አሉ። ተረቱ ግን እንደ እሾህ ተሰካባቸው፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። የገበያው ሰው እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል፣ የታሰረ ጉንጫቸውን ያያል፣ ይመለሳል።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እሳቸውና እግዚአብሔር ያውቁታል። ባላቸው ባሻ ገብረ ማርያም ጥይት ያልገደላቸው፣ ወባ ያልገደላቸው ሰው ነበሩ። ቀይ አፈር ከተማ ለገበያ ወርደው ሳለ ጥርሳቸው ቢነሣባቸው፣ አንድ መንገደኛ ጥርስ ነቃይ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ነቀለላቸው። ሰውየው ከእሳቸው በፊት የሌላ ሰው ጥርስ ነቅሎ ነበር። ጉጠቱን በሱሪው ጭን ላይ ጠረግ አደረገና «ይክፈቱ ባሻ» አለ። ባሻ ከፈቱ። መንጋጋቸው አብጦ፣ አንገታቸው አብጦ፣ በቃሬዛ ወደ ጂንካ ሲመለሱ ሚስታቸውን በስም መጥራት አቅቷቸው ነበር፤ ሳይሰነብቱም ሞቱ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ዶላሞ የሚባል የአሪ ገበሬ ነው፤ ዛሬም ድረስ ለወይዘሮ አሰገደች እንደ ዘመድ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ የተቆጣጣሪዋ ነገር መጣ። የወንድይፍራው ፈቃድ ጊዜያዊ ነበር። ከክፍለ ሀገሩ ጤና ጥበቃ ሰው መጥቶ ክፍሉን አይቶ፣ ሥራውንም ሲሠራ አይቶ ካልፈረመ ታፔላው ይወርዳል። ታፔላው ከወረደ ደግሞ ወንድይፍራው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ዘንድ ይገባል፤ እዚያ ሥራ አዘጋጅቶለታል። ልጁ ይህን ሲነግራቸው ድምፁን አላወፈረም፣ አላቀጠነም። «ይፈርማሉ እማማ። የሚጎድል ነገር የለኝም» ነው ያለው። ወይዘሮ አሰገደች ግን ባዶውን ቤት ከወዲሁ አዩት።

ማክሰኞ ማለዳ ወንድይፍራው የሥራ ዕቃዎቹን በላምባ ምድጃው ላይ ጥዶ አንተከተካቸው። በረዥም መቆንጠጫ አንድ በአንድ እያነሣ፣ አብሮ በተቀቀለ የብረት ሳህን ላይ ደረደራቸው፣ ክዳኑን ገጠመ።

«እማማ፣ ተቆጣጣሪዋን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይዣት መጣሁ። እስክመለስ እዚህ ክፍል ማንም እንዳይገባ።»

«እሺ ልጄ፣ ማን ይገባል።»

«ማንም» ማለት እሳቸውንም እንደሚጨምር አልመጣላቸውም። ሰው በገዛ ቤቱ «ማንም» ተብሎ አያውቅም።

ልጁ ዞር ሲል መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ክዳኑንም ከፈቱ። ብረቶቹ ፈዘዋል። የነሪ ወንዝ ውሃ ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎባቸዋል፤ ትልቁ ጉጠት ላይማ ዝንጉርጉር ሠርቷል። እንግዳ ይህን አይታ ምን ትላለች? ዝገት ነው ትላለች። ምስኪን ልጃቸው ወታደር ቤት ያደገ፣ ለእንግዳ ምን እንደሚቀርብ ማን አስተምሮት።

እሳቸው ያውቃሉ። ባሻ ጠመንጃቸውን ለበዓል ሰልፍ ሲያወጡ ቅቤ አስነክተው ይወለውሉት ነበር፤ ብረቱ ፀሐይ ሲነካው ዓይን ያጭበረብር ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። ከሳጥን ገና ያልተለበሰ ነጠላ አወጡና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አደረቁ። ትልቁን ጉጠት ደግሞ ገበያ ከሚወርዱት የበና ሴቶች የገዙትን ለጋ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ አስነክተው፣ ፊታቸው እስኪታያቸው አሹት። በቦታው መለሱት፣ ከደኑት።

«አሁን የሰው ዕቃ መሰለ» አሉ ለራሳቸው። ከማለዳው ጀምሮ ትንሽ ደስ ያላቸው በዚች ሰዓት ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ሲስተር አረጋሽ አጠር ያለች፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት። የባኮ ልጅ ናት አሉ፤ አማርኛዋ የአሪ ቃና አለው። ላንድሮቨሯን በር ላይ አስቁማ፣ ሰላምታዋን ቆጥባ ገባች። ወይዘሮ አሰገደች ከመጋረጃው ኋላ ቆመው፣ በክፍተቱ አንድ ዓይናቸውን አሾለኩ።

ሴትዮዋ ቀልድ አታውቅም። የመስኮቱን የዝንብ መከላከያ ወንፊት በጣቷ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ጠበቀ አልጠበቀም አየች። የማደንዘዣውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥታ ቀኑን አነበበች።

«ደም የነካው ጥጥ የት ይሄዳል?»

«ጓሮ ጉድጓድ አለ። አቃጥዬ እቀብረዋለሁ።»

«ክዳን አለው?»

«አለው።»

አላመነችውም፤ ጓሮ ወጥታ ክዳኑን ራሷ አንሥታ አይታ ተመለሰች። እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆማ አየችው። ነጭ ጥጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ከወንበሩ ክንድ ሥር፣ የሰው እጅ በማይደርስበት በኩል ጠረገች። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

«ይህ መጋረጃስ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት።»

«በር የለውም?»

«የለውም።»

«እ» አለች ሲስተር አረጋሽ። ወይዘሮ አሰገደች ከመጋረጃው ሸሸት አሉ።

«መልካም። አሁን ሥራ ልይ። ታካሚ አለ?»

ታካሚ እንኳ አለ ለማለት ያህል አለ። ውጭ አግዳሚው ላይ ዶላሞ ተቀምጧል፣ ጉንጩ አብጦ ዱባ አክሎ። ጠዋት ነው ለገበያ የመጣው፤ በሩ ጋ ደርሶ አልገባም፣ ወደ ገበያም አልሄደም።

«ዶላሞ፣ ግባ እንጂ» አለው ወንድይፍራው።

«እኔ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ምን ለማየት?»

«የሌላ ሰው ሲነቀል።»

ሲስተር አረጋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፣ በአሪኛም አንድ ነገር ጣል አደረገችለት። ምን እንዳለችው ወይዘሮ አሰገደች አልሰሙም፤ ዶላሞ ግን አፍሮ ተነሣ። ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው ቁጭ አለ።

«ተደገፍ አባባ» አለችው።

«እዚህ ይበቃኛል።»

ወንድይፍራው አፉን አስከፍቶ አየው፣ መንቀል ያለበትን ጥርስ ለሲስተር አሳያት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ማደንዘዣውን ከመቅዳቱ በፊት ዕቃዎቹን ሊያዘጋጅ የሳህኑን ክዳን አነሣ።

ቀጥ አለ።

መቆንጠጫውን ወደ ትልቁ ጉጠት ሰደደና ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«ይቅርታ ሲስተር» አለ ወንድይፍራው፣ ክዳኑን መልሶ እየገጠመ። «በዚህ ዕቃ አሁን አልሠራም። ተነክቷል። ሁሉም በሳሙና ታጥቦ እንደገና ይቀቀላል።»

«ምን ነካው?»

«ቅቤ።»

ሲስተር አረጋሽ ራሷ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ዘጋችው። ውጭ ሾፌሩ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና እየወረደ ነበር።

«ዝናቡ ሳይቀድመን የወይጦን ወንዝ መሻገር አለብን። አሁን ካልሠራህ ሳላይ እሄዳለሁ። ሳላይ ደግሞ አልፈርምም። ታውቀዋለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«በአልኮል ጠረግ ብታደርገውስ?»

ወይዘሮ አሰገደች ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ የምትፈትነው መሆኑን አላወቁም። «ጠረግ» የሚለው ቃል ብቻ ነው ጆሯቸው ውስጥ የቀረው። የቀይ አፈሩ ዛፍ፣ የሰውየው ሱሪ፣ የባሻ የተከፈተ አፍ መጣባቸው። ልጁ ምን ይል ይሆን? እሺ ካለ ይፈረምለታል፣ እሳቸውም ብቻቸውን አይቀሩም። እሺ ካለ ግን…

«አይሆንም» አለ ወንድይፍራው። ድምፁ ዛሬም አልወፈረም፣ አልቀጠነም። «ጠርጌ አልሠራም። ባይፈርሙልኝም በዚህ ጉጠት የሰው አፍ አልነካም።»

«ማን ነው የነካካው?»

«ክፍሉ የእኔ ነው። በር ሳላበጅ ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ዶላሞ ከወንበሩ ብድግ አለ። «በል እኔ ገበያ ልሂድ። ቤቱ ራሱ ገና አልተስማማም።» ከዚያም ወደ መጋረጃው በአገጩ እያሳየ፣ «እማማም ይኸው ጉንጫቸውን አስረው ነው የሚዞሩት። እሳቸው ያልተቀመጡበትን እኔ ምን ቤት ነኝ?»

መጋረጃው ተገለጠ። ወይዘሮ አሰገደች ወጡ።

«ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለእንግዳ እንዲያምር ብዬ። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ማንም አይግባ ብሎ ነግሮኝ ነበር።»

ሲስተር አረጋሽ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። አልተቆጣችም። «እማማ፣ ቅቤ ከላሚቱ ጡት፣ ከቅሉ፣ ከገበያው፣ ከስንት እጅ ያለፈ ነገር ነው። ጥርስ ሲነቀል ደግሞ ሥጋው እስከ አጥንቱ ክፍት ነው። ጉጠቱ ያንን ሁሉ እስከ አጥንቱ ይዞት ይገባል።»

«እስከ አጥንቱ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«እስከ አጥንቱ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ እጃቸው ንጹሕ ነው ሲባል የኖሩ ሴት ናቸው፤ የድግስ ወጥ ሲሠራ እሳቸው ካልቀመሱት አይወጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጃቸውን የነቀፈ ሰው ከደጃቸው አይደርስም። ዛሬ ግን የገዛ ልጃቸው፣ በጥጥ ያሳደጉት ልጅ፣ በእንግዳ ፊት የእሳቸውን እጅ አልማረም። ፈቃዱ እንደሚቀር እያወቀ፣ አያቱ መሆናቸውን እያወቀ፣ አልማረም። ቅር ሊላቸው ሲጠብቁ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ለካ ስንት ዘመን ሲፈልጉት የነበረው ዋስ ፊታቸው ቆሞ ኖሯል።

«ዶላሞ» አሉ። «እንግዲህ ከወንበሩ ከተነሣህ ራቅ በልልኝ።»

ራቅ አለ። ወይዘሮ አሰገደች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ እስከ ውስጥ ድረስ ገብተው ተደገፉ።

«እማማ…» አለ ወንድይፍራው።

«ምን እማማ ትለኛለህ። ብረትህን እጠብና ጣድ። ብርድ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጥርሴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሐኪም ነኝ እኮ እማማ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«በግድ አስቀምጬዎት ምን ዋጋ አለው ብዬ።»

ሾፌሩ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ። ሲስተር አረጋሽ ወደ በሩ ሄደች። ወይዘሮ አሰገደች ጀርባዋን እያዩ፣ በቃ ሄደች፣ ልጁም ሄደ፣ ታፔላውም ወረደ ብለው ጨረሱት። እሷ ግን ደፉ ላይ ቆመችና፣ «ሞተሩን አጥፋው» አለች።

«ወይጦ ይሞላል ሲስተር።»

«ከሞላ ቀይ አፈር እናድራለን። አጥፋው።»

ተመልሳ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ዕቃው ታጥቦ ተጣደ። የወይዘሮ አሰገደች ዓይን ከድስቱ አልተነቀለም።

«ፈላ?»

«ገና ነው።»

«እየጮኸ እኮ ነው።»

«ቢጮኽም ገና ነው። ከፈላ በኋላም ይቆያል።»

«ነዳጁ እንዳያልቅ።»

«አያልቅም።»

«ማደንዘዣው ልብ ያቆማል ይባላል፤ አየለች ናት ያለችው።»

«አየለች ጎመን ነው የምትሸጠው እማማ።»

ሲስተር አረጋሽ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ልባቸውን አዳመጠችላቸው፤ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ልትጠይቃቸው ጀመረች። ወንድይፍራው ይህን ሁሉ ቀድሟት እየጠየቀ መሆኑን ስታይ ተወችለት። ውሃው ፈላ፣ ቆየ፣ ዕቃው ወጣ። ትልቁ ጉጠት እንደገና ፈዝዟል፣ ነጭ ነጠብጣቡም ተመልሷል። ወይዘሮ አሰገደች እንዲህ ያማረ ብረት አይተው አያውቁም።

መርፌው አመማቸው፤ አልደበቁትም። ከዚያ ጉንጫቸው እንደ ሌላ ሰው ጉንጭ ሆነ። ወንድይፍራው ድዳቸውን በብረት ነካ አድርጎ «ይሰማዎታል?» አላቸው። «ምኑ?» አሉ። ዶላሞ ከበሩ መቃን አንገቱን አስረዝሞ ያያል። ልጁ አንድ እጁን አገጫቸው ሥር አድርጎ፣ ያንኑ ያሳደጉትን እጅ፣ ጉጠቱን አስገባ። ግፊት ተሰማቸው፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የእንጨት ድምፅ የመሰለ ነገር ሰሙ። አለቀ። ጥርሱን ሲያሳያቸው የእሳቸው መሆኑን ለማመን ቸገራቸው፤ ይህን ሁሉ ወር እንቅልፍ የነሣቸው የበቆሎ ፍሬ የምታክል ነገር ናት።

የታጠፈ ፋሻ ቁስሉ ላይ አስቀመጠላቸው። «ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። ደሙ እስኪቆም አፍዎን አይክፈቱ፣ አይናገሩ። እኔ እነግርዎታለሁ።»

«እ» አሉ፤ ልጁ ጣቱን አነሣ፣ ዝም አሉ።

ሲስተር አረጋሽ ጉጠቱ የት እንደሚቀመጥ ተከታትላ አየች። ከንጹሖቹ ርቆ፣ የሳሙና ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፋ ፈቃዱን ፈረመች። «ክፍሉ አልፏል» አለች። «ግን ይህን መጋረጃ አውርደህ በር ታስገባለህ፣ ቁልፍ ያለው። ቁልፉን ካንተ በቀር ሰው አይይዝም። እማማም ቢሆኑ።»

ወይዘሮ አሰገደች የሚሉት ነበራቸው። ብዙ ነበራቸው። በገዛ ቤቴ፣ ሊሉ፤ ደግሞም እግዜር ይስጥሽ፣ ሊሉ፤ ደግሞም ወይጦ እንዳይሞላብሽ ቶሎ ሂጂ፣ ስንቅ ሳልቋጥርልሽ ግን እንዳትሄጂ፣ ሊሉ። ወንድይፍራው ጣቱን አነሣ። ሁሉንም ከፋሻው ጋር ነከሱት።

ዶላሞ ጠጋ አለ። «አመመዎት?»

ራሳቸውን ወዘወዙ።

ዶላሞ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አጠናው። «እማማን ዝም ያሰኘ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። «ባሻም አልቻሉም።» ወንበሩ ላይ ወጣ፤ አሁን እስከ ውስጥ ድረስ ገብቶ ተደገፈ። «ብረቱን መልሰህ ቀቅል።»

«ሳልቀቅል አንተንም አልነካም» አለ ወንድይፍራው።

ወይዘሮ አሰገደች ጥርሳቸውን በወረቀት ጠቅልለው ጡታቸው ሥር ሸጎጡ። ከመስቀል ጀምሮ ጉንጫቸውን አስሮ የከረመውን፣ ለመርፌው አላልተውት የነበረውን ነጠላ ጨርሰው ፈቱት፣ አራገፉት፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። በመስኮቱ አየለች ጎመኗን ትታ ቆማ፣ አንገቷን ሰግጋ ወደ ቤቱ ታያለች። ከእሷ ወዲያ የማክሰኞ ገበያ ሞልቷል።

«እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ» አለ ወንድይፍራው ከምድጃው ላይ ቀና ብሎ። «ወዴት ነው?»

በራቁት ጉንጫቸው ደመናው ገና ያልሸፈነው ፀሐይ እንዲያርፍበት ፊታቸውን ቀና አድርገው፣ ከታፔላው ሥር አልፈው፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ገበያው ወጡ።